አንድ ሽጉጥ ለሦስት ጉዳይ፦ ለመንገድ፣ ለቤት፣ ለወገብ

የወለጋ ሰው ሽጉጥ ልያዝ ብሎ ሲያስብ በልቡ ሦስት ጉዳይ አለ። አንደኛው መንገድ ነው፤ ከቡና መፈልፈያ ወደ ጊምቢ፣ ከደዴሳ ቆላ እርሻ ወደ ነቀምቴ፣ ከነጆ ገበያ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚያደርሰው የእግርና የበቅሎ መንገድ። ሁለተኛው ቤት ነው፤ ከተማ ዳር ላይ ያለ፣ ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር አባወራውን ከአልጋው የሚያስነሳው ቤት። ሦስተኛው አልፎ አልፎ ወገብ ላይ መታጠቅ ነው፤ የቡና ገንዘብ እጅ የሚገባበት ቀን፣ ከሩቅ ለቅሶ አምሽቶ የሚመለስበት ሌሊት። ለሦስቱም የሚሆን አንድ መሣሪያ ይኖር ይሆን? ካለስ የትኛው ነው?

ይህን ጥያቄ በሌላው ዓለም የሚያነሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚደርሱበት መልስ ሪቮልቨር ነው፤ ጥይቱን በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዘው ሽጉጥ። መልሱ በቂ ምክንያት አለው፤ በዚህ ምዕራፍ በዝርዝር እናየዋለን። ሆኖም አንድ ነገር ከመነሻው ግልጽ ይሁን። ሦስቱን ጉዳዮች እኩል የሚወጣ ሽጉጥ የለም። በወለጋ ምድር፣ በዛሬው ሁኔታ፣ ጥሩ ሪቮልቨር ለአንዱ በሚገባ ያገለግላል፤ ለሁለተኛው በጥቂቱ ይረዳል፤ ለሦስተኛው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። የቱ ለየቱ እንደሆነ መለየት መሣሪያውን ከመምረጥ ይቀድማል።

ሽጉጥ ወደዚህ አገር እንዴት ደረሰ

በኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ የታወቀው ሽጉጥ አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉበት ነው፤ ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህም ሽጉጥ ለረጅም ጊዜ የመኳንንትና የጦር አለቆች ጌጥ ሆኖ ቆየ። ተራው ወታደር የሚያውቀው ጠመንጃዎቹን ሰናድሩን፣ ወጨፎውን፣ ውጅግራውን፣ ኋላም ምንሽሩን ነበር።

ወለጋም ከዚህ የተለየ ታሪክ የላትም። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ እምባቦ ላይ ሲዋጉ በሁለቱም ወገን ጠመንጃ ነበር፤ ውጊያውን የወሰነው ግን የምኒልክ ጦር አለቃ የራስ ጎበና ፈረሰኛ ነው። የሌቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬ፣ ቀጥሎም ልጃቸው ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ግዛታቸውን ያቆዩት ከተኩስ ይልቅ በስምምነትና በግብር ነበር። ነቀምቴ ላይ እስካሁን ቆሞ የሚታየው የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን ምስክር ነው።

ሪቮልቨር በብዛት የገባው በጦርነት በኩል ነው። የጣሊያን ጦር በ1889 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ቦዴዮ የሚባለው ባለ 6 ጥይት ሪቮልቨር አድዋ ላይ ከመኮንኖቹ ወገብ ላይ ነበር፤ ከ40 ዓመት በኋላም ከወራሪው ጋር ተመልሶ መጣ። ስፋቱ 10.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለተራ ወታደር የተሠራው ዓይነት ምላጩ ይታጠፍ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞች ጋር የገቡት እንግሊዞች ደግሞ ዌብሊንና ኤንፊልድን ይዘው መጡ። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ማካሮቭ ሁሉንም ሸፈናቸው። ማካሮቭ 8 ጥይት በካዝና የሚይዝ እንጂ ሪቮልቨር አይደለም። ስለዚህ ዛሬ በወለጋ አንዳንድ ቤት ከሣጥን ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚወጣው ሪቮልቨር ብዙ ጊዜ የአያት መሣሪያ ነው።

ወለጋ ስለ መሣሪያ ካስተማረችው ሁሉ የቦናያው ይበልጣል። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ አረፉ። የመጡት ሰዎች ጄኔራል ማልዮኮን የመሰሉ የአየር ኃይሉ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ሌሊት ላይ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ጦር ከቧቸው አውሮፕላኖቹን አቃጠለ፤ 12 ጣሊያኖች ሞቱ። የተረፉት አካባቢውን የሚያውቁት ሚስዮናዊ አባ ቦሬሎ ብቻ ነበሩ። ወገባቸው ላይ ሽጉጥ ያንጠለጠሉት መኮንኖች አልዳኑም፤ የዳነው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ይህ ነገር ወደፊት ስለ መንገድ ስንነጋገር ይጠቅመናል።

ሪቮልቨር ለምን ይመረጣል

አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት በ1836 እ.ኤ.አ. የአገሩን የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ ቀላል ነው። ከበሮው 5፣ 6 ወይም 7 ቀዳዳ አለው፤ በእያንዳንዱ አንድ ጥይት ይገባል። በኋላ ዘመን በተሠሩት ላይ ምላጩ ሲሳብ መምቻው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከበሮው ዞሮ አዲስ ጥይት ከበርሜሉ ትይዩ ያቆማል፣ መምቻው ይወድቅና ጥይቱን ይመታል። ሁሉም የሚንቀሳቀሰው በተኳሹ ጣት ኃይል ነው።

ከዚህ አሠራር ለወለጋ ባለቤት የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው የከሸፈ ጥይት ነው። በማካሮቭና በመሰሎቹ ጥይት ሲከሽፍ ሽጉጡን በሁለት እጅ ይዞ አቀባብሎ የከሸፈውን ማስወጣት ያስፈልጋል። በሪቮልቨር ምላጩ እንደገና ሲሳብ ከበሮው ይዞራል፣ ቀጣዩ ጥይት ይመጣል። ዕድሜው በማይታወቅ ጥይት ለሚገለገል ሰው ይህ ቁም ነገር ነው። ሁለተኛው፣ ለወራት ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ተጨምቆ የሚቆይ የካዝና ሽቦ የለውም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፦ መጉረሱና ባዶ መሆኑ በዓይን ይታያል። በካዝና በሚሠራ ሽጉጥ ካዝናው ከወጣም በኋላ አንድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ‹‹ባዶ መስሎኝ ነው›› እየተባለ የሚለቀስለት ሞት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይመጣል። ሪቮልቨርን ባዶ ማድረግ እንዲህ ነው፦ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል፤ ጣት ከምላጩ ይርቃል፤ በጎኑ ያለው መቆለፊያ ሲገፋ ከበሮው ወደ ግራ ይወጣል፤ አፈሙዙ ወደ ላይ ቀና ተደርጎ የማስወጫው ዘንግ ሲጫን ጥይቶቹ መዳፍ ላይ ይወድቃሉ። ከዚያ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ በስድስቱም ብርሃን ካልታየ ሥራው አላለቀም። ይህን ለአንዲት የቤት እመቤት ወይም ለአንድ አዛውንት በአንድ ከሰዓት ማስተማር ይቻላል።

ጉድለቶቹም ሊነገሩ ይገባል። ጥይቱ ጥቂት ነው፤ እንደገና ማጉረስ ጊዜ ይወስዳል። ከበሮውና በርሜሉ በሚገናኙበት ቀጭን ክፍተት ሲተኮስ ትኩስ ጭስና የእርሳስ ፍንጣሪ ይወጣል፤ እጁን እዚያ ጎን ያደረገ ሰው ይቃጠላል። አፈሩና ጭቃው ከበሮው ሥር ከገባ ደግሞ መዞር ያቆማል።

በርሜል፣ ክብደት፣ ጥይት

ለመንገድና ለቤት አንድ ሽጉጥ ሲመረጥ ሦስት ልኮች እርስ በርስ ይሳሳባሉ።

የበርሜሉ ርዝመት በብዛት 5፣ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ነው። 5 ሴንቲ ሜትሩ ልብስ ሥር ይደበቃል፤ ግን ከማነጣጠሪያው እስከ አፈሙዙ ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ ትንሽ የእጅ ስህተት ከጥቂት ሜትር በኋላ ትልቅ መሳት ይሆናል። 15 ሴንቲ ሜትሩ በሚገባ ይመታል፤ ነገር ግን ተቀምጦ መኪና ውስጥ አይመችም፣ በጠባብ ኮሪደርም ከሰውየው ቀድሞ ይገባል። 10 ሴንቲ ሜትሩ መካከለኛ ነው፤ በብዙ አገር የፖሊስ ሪቮልቨር ለዘመናት በዚህ ልክ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀለል ያለ ሽጉጥ መታጠቅ ደስ ይላል፤ ሲተኮስ ግን እጅ ይመታል። ከብረት የተሠራ መካከለኛ ሪቮልቨር በ10 ሴንቲ ሜትር በርሜል 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ክብደቱ የተኩሱን ምት ይውጣል፤ ተኳሹም ሁለተኛውን ጥይት በቁጥጥር ይተኩሳል። በግማሽ የሚቀል ትንሽ ሽጉጥ የያዘ ጀማሪ ግን ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ ዓይኑን ይጨፍናል። ልምምድ የሚጠላበት መሣሪያ ደግሞ በችግር ቀን አይታመንም።

የጥይት ምርጫ በዓለም ላይ ሁለት ስሞች ዘንድ ይደርሳል፦ 38 ስፔሻል እና 357 ማግነም። 38ቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ 357ቱ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወጡ። የሁለቱም እርሳስ ስፋት አንድ ዓይነት፣ 9.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ357ቱ ቀለሃ በ3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ለ357 የተሠራ ሪቮልቨር 38ቱንም ይተኩሳል፤ ለ38 የተሠራው ግን 357ቱን አያስገባም፣ ማስገባትም የለበትም። በተለመደው 10 ግራም እርሳስ 38ቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ 280 ጁል ገደማ ኃይል አለው፤ 357ቱ 700 ጁል ይደርሳል። ለማነጻጸር የክላሽ ጥይት 2000 ጁል ገደማ ነው።

ይህ ቁጥር አንድ የተሳሳተ እምነት ያርማል። ሽጉጥ ምንም ቢበረታ ጠመንጃ አይሆንም። በቄለም ወለጋ የዳቲ ወለል ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የሚኖር ሰው ጎሽ ያውቃል፤ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን የተቆጣ ጎሽ በ38ም በ357ም አይቆምም። የጅብ ነገር ሌላ ነው፤ እሱን ለማባረር መብራት፣ ዱላ፣ ጩኸትና አብሮ መሄድ ለብዙ ትውልድ ሠርተዋል። በቆሎ የሚያወድሙት ዝንጀሮና የዱር አሳማም የሚጠበቁት በማማና በጥበቃ ነው። በዚያ ላይ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መግደል ያስጠይቃል። ስለዚህ ሽጉጥ ለዱር አውሬ ብሎ መያዝ በወለጋ ደካማ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምርጫ ግልጽ ነው፦ ከብረት የተሠራ፣ መካከለኛ ክብደት ያለው፣ 10 ሴንቲ ሜትር በርሜል ያለው፣ 6 ጥይት የሚይዝ ሪቮልቨር፤ ለ357 ተሠርቶ በ38 ጥይት የሚገለገሉበት ቢሆን የተሻለ። ለጠንካራው ጥይት የተሠራ ብረት በለስላሳው ሲሠራ ዕድሜው ይረዝማል፣ እጅም አይጎዳም። ጥይቱ በሕጋዊ መንገድ የማይገኝለት ሽጉጥ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

ከሣጥን የወጣ፣ ከጓሮ የተገዛ

አዲስ የመምረጥ ዕድል ያለው ሰው ጥቂት ነው። ብዙው የሚያጋጥመው በውርስ የተገኘ ወይም ሰው ‹‹ልሽጥልህ›› የሚለው መሣሪያ ነው።

በውርስ የተገኘ ሪቮልቨር ከመተኮሱ በፊት ባዶነቱ ተረጋግጦ ይመረመራል። በርሜሉ ውስጥ ዝገት ቆፍሮት እንደሆነ በብርሃን ይታያል። መምቻው ሲሳብ ከበሮው ቦታው ላይ ቆልፎ መቆም አለበት፤ ቆልፎም በእጅ ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ከሆነ ቀዳዳውና በርሜሉ አይገጣጠሙም፤ ጥይቱ የበርሜሉን ጠርዝ ገጭቶ እርሳስ ወደ ጎን ይረጫል። ብዙዎቹ አሮጌ ሪቮልቨሮች መምቻው ጥይቱ ላይ እንዳያርፍ የሚከለክል ዘዴ የላቸውም፤ ከእጅ ወድቀው መምቻቸው መሬት ቢመታ ይተኩሳሉ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከመምቻው ሥር ያለው ቀዳዳ ባዶ ካልሆነ በስተቀር መያዝ የለበትም።

ከሁሉ የሚከፋው የማይገባውን ጥይት ማስገባት ነው። የቦዴዮ 10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። ሰው ‹‹ይቀራረባል›› ብሎ ሌላ ጥይት ሲያስገባ ከበሮው ሊፈነዳ ይችላል። ጣት የሚያስቆርጠው፣ ዓይን የሚያጠፋው ይህ ነው። በርሜሉ ላይ የተጻፈው ቁጥርና በጥይቱ ቂጥ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ካልሆነ አይገባም፤ ጽሑፉ ከጠፋ ደግሞ መሣሪያው አይተኮስም። የአያት ሽጉጥ ክብር አለው፤ ማስታወሻ ሆኖ ቢቀር ወይም ለሕግ ቢቀርብ ያ ክብር አይቀንስም።

በጓሮ የሚሸጠው ሌላ ጉዳይ ነው። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ኬላዎች ከተያዙት ሕገ ወጥ መሣሪያዎች መካከል ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች በተደጋጋሚ ተነግረዋል። በአፍሪካ ቀንድ ከሚዘዋወሩት እንዲህ ያሉ ሽጉጦች ውስጥ ከመነሻቸው ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተሠርተው በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ ይገኛሉ። ብረታቸው ለዚያ ግፊት አልተሠራም። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ የራሱን እጅ የሚያሳጣ ዕቃ ይገዛል፤ ፖሊስ ሲይዘውም በሕገ ወጥ መሣሪያ ይጠየቃል።

ሕጉ ምን ይላል

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መነሻው ግልጽ ነው፦ ፈቃድ የሌለው ሰው የጦር መሣሪያ መያዝ አይችልም። በውርስ የመጣም ቢሆን፣ በጥሩ ዓላማ የተያዘም ቢሆን ፈቃዱ ግድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ሻጭ መፈለግ ሳይሆን ለፖሊስ ቀርቦ መጠየቅ ነው። በሣጥን የቆየ አሮጌ መሣሪያ ያለው ሰውም ራሱ ሳይሸከመው ቀርቦ አስረድቶ በመመሪያው መሠረት ቢያስረክብ ወይም ቢያስመዘግብ ሸክሙን ያቃልላል።

መሣሪያውን ስለ መጠቀም ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ይናገራል። ሁለት ነገር ይጠይቃል። ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድም ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። አጥሩን ዘሎ ዶሮ ይዞ የሚሸሽን ሌባ ከጀርባ መተኮስ ይህን መለኪያ አያልፍም። አንቀጽ 79 ወሰኑን ስላለፈ መከላከል ይደነግጋል፤ ፍርድ ቤቱ ድንጋጤንና ፍርሃትን ሊያገናዝብ ይችላል፤ ጉዳዩ ግን ከፍርድ ቤት ደጅ አይቀርም።

ከመንግሥት ሕግ ጎን የአካባቢው ሥርዓት አለ። በኦሮሞ ባህል ነፍስ የጠፋ እንደሆነ በጉማ ሥርዓት ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ ካሳ ይወሰናል፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ይታረቃሉ። ይህ ሥርዓት ብዙ ደም አስቀርቷል፤ ነገር ግን የአንድ ሌሊት ተኩስ ሁለት ጎሳን ለስንት ጊዜ እንደሚያስጨንቅም ያሳያል። ጥይቱ የአንድ ሰው ነው፤ ዕዳው የዘመድ አዝማዱ ነው።

ቤት ውስጥ፣ ሌሊት

ከሦስቱ ጉዳዮች ሪቮልቨር በሚገባ የሚያገለግለው በቤት ነው። አደጋው ቅርብ ነው፣ ርቀቱ ጥቂት ሜትር ነው፣ ባለቤቱ ክፍሉን ያውቀዋል። ሆኖም ቤቱን ራሱን ማየት ያስፈልጋል።

የነቀምቴም የሻምቡም ብዙ ቤት በባሕር ዛፍ ማገርና በጭቃ የተሠራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ሳንቃ ወይም ላሜራ ነው። ሳንቃና ላሜራ ጥይት አያቆሙም፤ ማገሩ የሳሳበት ጭቃም እምነት አይጣልበትም። ግቢና ግቢ በተያያዘበት ሰፈር በር ላይ ያለፈ ጥይት ጎረቤት አልጋ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት የሚሠራ ካርታ አለ፦ ልጆች የት ይተኛሉ? ጎረቤቱ በየት በኩል ነው? ከአልጋዬ ተነስቼ ወደየት አቅጣጫ ፈጽሞ መተኮስ የለብኝም? መልሱ በቀን ብርሃን ካልተገኘ በሌሊት አይገኝም። ጥሩ ባትሪም ከሽጉጡ አጠገብ ይቀመጣል፤ ጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ከመጠጥ ቤት ዘግይቶ የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላልና። ማንነቱ ያልታየ ሰው ላይ አይተኮስም።

ለቤት 38ቱ ከ357ቱ የሚሻልበት ሌላ ምክንያትም አለ። የሽጉጥ ተኩስ 150 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ጆሮ በአንድ ጊዜ ከሚጎዳበት 140 ዴሲቤል ያልፋል። በጠባብ ክፍል 357 ሲተኮስ ጆሮ ይደነቁራል፣ ከአፈሙዝ የሚወጣው ብልጭታም ጨለማ የለመደን ዓይን ያሳውራል፤ ጥይቱም ይበልጥ ርቆ ይሄዳል።

ቀጥሎ የማስቀመጫው ነገር ነው። ሽጉጥ በልማድ የሚቀመጠው ፍራሽ ሥር፣ ትራስ ሥር ወይም ቁም ሣጥን አናት ላይ ነው፤ ሦስቱንም ልጅ ያውቃቸዋል። አልጋ ሲያነጥፉ የሚነኩት ዕቃ ደብቄዋለሁ ማለት አይቻልም። የሪቮልቨር ምላጭ ወደ 5 ኪሎ ግራም የሚደርስ ኃይል ስለሚጠይቅ ለልጅ ይከብዳል ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን መምቻው አስቀድሞ ወደ ኋላ ከተሳበ ወደ 2 ኪሎ ግራም ይወርዳል፣ ልጅም በሁለት ጣቱ ይስበዋል። ትክክለኛው ቦታ ግድግዳ ወይም ወለል ላይ በብሎን የታሰረ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ነው፤ ቁልፉ ከባለቤቱ አይለይም። በዚህ ጉዳይ የሚቆረቆር አባት ሌላም እውነት ይስማ፦ በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት ሽጉጥ ባለበት ቤት ራስን የማጥፋት አደጋ ከሌለበት ቤት ይበልጣል። በቤቱ የተጨነቀ፣ በመጠጥ የተያዘ ወይም ብስጩ ሰው ካለ መሣሪያው ከቤቱ ይውጣ፤ ሌላ ውይይት አያስፈልገውም።

ወለጋ የዝናብ አገር ናት፤ ነቀምቴ አካባቢ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ተከቶ ክረምቱን የከረመ ሽጉጥ መስከረም ላይ ዝጎ ይገኛል፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና። ማኅደሩ ለብቻው ይቀመጣል፤ ሽጉጡ በቀጭን የመሣሪያ ዘይት ይጠረጋል፤ የምግብ ዘይትና ቅቤ ግን ደርቀው ከበሮውን ያጣብቃሉ። ጥይትም ዘይት አይነካውም፤ ዘይት ሰርጎ ገብቶ ያከሽፈዋል።

መንገድ፣ ኬላና ወገብ

አሁን ከባዱ ጉዳይ ላይ ደርሰናል። በምዕራብ ኦሮሚያ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል የተነሳው ግጭት የወለጋን መንገዶች ለውጧቸዋል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ የተፈጸመው የንጹሐን ግድያ የብዙ ቤተሰብ ቁስል ሆኖ ቀርቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ራሴን ልጠብቅ ብሎ መሣሪያ ቢመኝ አይፈረድበትም።

ነገር ግን በዚህ መንገድ ላይ ሽጉጥ ምን ያደርጋል? የሚያጋጥመው ኃይል ክላሽ ይዞ በቡድን የሚንቀሳቀስ ነው። 6 ጥይት ያለው ሽጉጥ ያንን አይመልስም። በአንጻሩ ተጓዡ የሚያልፈው በኬላ ነው፤ ሚኒባሱ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ ወገብና ሻንጣ ይፈተሻል። ያለ ፈቃድ የተገኘ ሽጉጥ እስር ነው። ፈቃድ ቢኖርም እንኳ ፈታሹ ማን እንደሆነ ሁልጊዜ አስቀድሞ አይታወቅም፤ አንዱ ወገን ሽጉጥ የያዘን ሰው የሌላው ወገን አድርጎ ሊያየው ይችላል። ያልታጠቀ መንገደኛ ለሁሉም መንገደኛ ነው፤ የታጠቀ ግን ለሁሉም ጥያቄ ነው። ከቦናያ የምናገኘው ትምህርት እዚህ ይሠራል፦ በማያውቁት መንገድ ላይ ሕይወት የሚያተርፈው አገሩን ማወቅ፣ ሰውን ማወቅ፣ ጊዜን ማወቅ ነው። ከመነሳት በፊት ዛሬ የመጡትን ሾፌሮች መጠየቅ፣ ቀን በቀን መጓዝ፣ የቡና ገንዘብን በባንክ ማስተላለፍ፣ ጨለማ ሲይዝ ከሚታወቅ ቤት ማደር ለመንገደኛ ከየትኛውም ሪቮልቨር የበለጠ ጥበቃ ይሰጡታል።

የወገብ ነገርም ከዚህ አይለይም። አልፎ አልፎ የሚታጠቅ ሰው ከሁሉ ያነሰ ልምምድ ያለው ሰው ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የታጠቀ ሰው ጠጅ ቤት አይገባም፣ ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ አይተኩስም፣ ገበያ ውስጥ ተጋፍቶ አይሰለፍም። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ በሰው ላይ ሊወርድ ይችላል። እነዚህን ሁሉ እያስታወሰ የሚኖር ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሽጉጡን ቤት መተው ይመርጣል፤ ምርጫውም ትክክል ነው።

ስለዚህ ለወለጋ አንባቢ የምሰጠው ምክር በቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ፈቃድ ይገኝ። ቀጥሎ የሚያውቅ ሰው ያሠልጥን፤ ማጉረስና ባዶ ማድረግ ከመተኮስ በፊት ይለመድ። ከዚያ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ግድግዳው ላይ ይታሰር። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ በኋላ፣ ለቤት፣ መካከለኛ ክብደት ያለውና በርሜሉ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 6 ጥይት ሪቮልቨር በ38 ጥይት ጥሩ ምርጫ ነው። ለገጠር እርሻ ጉዞ ፈቃዱ ከፈቀደና አካባቢው ሰላም ከሆነ ሊያገለግል ይችላል። ለሕዝብ መንገድና ለወገብ ግን ይቅር። ከሦስቱ ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ የጎደለበት ሰው ገንዘቡን ለአጥር፣ ለጥሩ በርና ለውጭ መብራት ያውለው፤ ቤተሰቡን በእርግጥ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።